አጎቴ የደፈናቸው ቀዳዳዎች

አጎቴን ሰፈሩ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ተንጋዶ ካየ የሰው ቤት ይሁን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይል ተነሥቶ ያቃናል። አንድ ቀን ባንክ ወረፋ ይዘን ሳለ ማስታወቂያ ሊያቃና ወንበር ላይ ወጥቶ ጥበቃው እየጮኸ አስወርዶታል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ወርዶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ «አሁን ገና ሰው የሚያነበው ሆነ» አለና ወረፋውን ያዘ።

ሥራው ሳጥን መሥራት ነው። ሳጥን ሠሪ ስል ሰዎች የሬሳ ሳጥን እየመሰላቸው ፊታቸው ይለወጣል። አጎቴ የሚሠራው ሞተር፣ መስታወት፣ የማሽን ዕቃ ታሽጎ የሚሄድበትን ሳጥን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ተቀባዩ በመዶሻ ሰባብሮ የሚጥለውን ነገር በመላጊያ ሲያለሰልስ ኖሯል። ማን ሊያየው ነው ስትሉት «እንጨቱ ያየዋል» ይላል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው፤ የሰው ዕቃ ጉምሩክና ወደብ እንዲያልፍ ከወረቀቱ ጋር የምሯሯጠው እኔ ነኝ። ወረቀት እጠላለሁ፣ እንጀራዬ ግን እሱ ነው።

አጎቴ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ብዙ ስለማትናገር «ዝምታ» እያልን እንጠራታለን። እናቷ የሞተችው ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ ያደገችው በአባቷ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በሰጋቱራ ክምር ላይ ነው። መጋዙን፣ መሮውን፣ መላጊያውን እሱ አስተማራት፤ እጇም ከእሱ እጅ የሚተናነስ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሲሞላት ግን ፊቷን ወደ ቀርከሃ አዞረች። ቀርከሃ እየሰነጠቀች፣ እየቀቀለች፣ በጭስ እያደረቀች ክፍል የሚለይ መከለያ ትሠራ ጀመር። አጎቴ ይህን አልወደደውም። «ቀርከሃ ሣር ነው፤ አናጢ ሣር አይሠራም» አለ። ከወርክሾፑ በር እንዳታስገባው ከለከላት።

አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። እሷ ከጓሮ፣ ከውሃ ጋኑ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፤ እሱ ከፊት፣ በሩን ዘግቶ። ማዕዳቸው አንድ ነው፤ ጫማዋ ሲያልቅ የሚያየውም ስታስል መድኃኒት የሚገዛውም እሱ ነው። ስለ ቀርከሃው ግን አንድ ቃል ትንፍሽ አይልም። እኔ መሃል ገብቼ ላስታርቅ ስሞክር እሱ «ምን አጣላን?» ይለኛል፣ እሷ ዝም ትላለች። ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ፤ እኔን ግን ዝምታቸው ራሴን ያዞረኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የእሷ መከለያ ከቆመበት ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጥርሱን ሊነቀል የገባ የውጭ አገር ሰው ፎቶ አንሥቶት ሄደ። ሦስት ወር ቆይቶ ባሕር ማዶ ካለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ መጣ። አዲስ የንባብ አዳራሽ ሊከፍቱ ነው፤ አሥራ አራት መከለያ ይፈልጋሉ። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሁለቴ አስነበበችኝና «አሥራ አራት?» አለች።

አሥራ አንድ ወር ፈጀባት። ቀርከሃውን እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ ትሰነጥቀውና ብርሃን ላይ ይዛ ታየዋለች፤ ብርሃን ካላሳለፈ መልሳ ትፍቀዋለች። አውራ ጣቶቿ ተቆራርጠው የሻይ ብርጭቆ በመዳፏ ነበር የምትይዘው። መከለያዎቹን አቁማ ፀሐይ ሲመታቸው የጓሮው ግድግዳ ላይ የሚወድቀውን ጥላ አይቼ፣ እኔ የወረቀት ሰው፣ ሥራ መሄድ ረስቼ ቆሜ ቀርቻለሁ። የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪዎችም መጥተው አገላብጠው አዩና ቀርከሃው ንጹሕ ነው ብለው ማረጋገጫ ሰጡ።

የመጨረሻው ባለቀ በሳምንቱ አንድ ጠዋት አጎቴ ሜትሩን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። አንዱን መከለያ ለካ፣ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ፣ ከጆሮው እርሳሱን አውጥቶ ጻፈ። «ሳጥኑን እኔ እሠራዋለሁ» አለና ተመለሰ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳጥኑ ይቅርታው እንደሆነ ግን ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ዝምታ ያን ቀን ቢሮዬ ድረስ መጥታ ተቀመጠችና አለቀሰች። «ሣር አላለውም» አለችኝ።

ሕጉን የነገርኩት እኔ ነኝ። ባሕር የሚሻገር የእንጨት ማሸጊያ ሁሉ በሙቀት መታከም አለበት፤ ጣውላው የጋለ ክፍል ውስጥ ይገባና ልቡ ድረስ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ ደርሶ ሠላሳ ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ የስንዴ ዛላ ያለበት ማህተም በጋለ ብረት ይመታበታል፤ ቅርፊት የቀረበት ጣውላ አይሄድም። ይህ ሁሉ የሆነው በእንጨቱ ውስጥ ትል እንዳይሻገር ነው አልኩት።

«ትሉ ቪዛ የለውማ» አለ አጎቴ። ቀጥሎም እንጨት እንደ ዳቦ ሲጋገር ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ቢሆንም አልተከራከረም፤ ለልጁ ሲል ከተማ ዳር ካለው ምድጃ ቤት ሄደን የታከመ ጣውላ ገዛን። እያንዳንዱን ጣውላ በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ ሲያዳምጥ የምድጃው ሰውዬ ስልኩን ትቶ አፉን ከፍቶ ያየው ነበር። «ቸኩለው ነው ያደረቁት» አለኝ ስንወጣ። ሳጥኑን በአራት ቀን ሠራው። የውስጡን ግድግዳ ሳይቀር ላገው።

ጥፋቱ የተሠራው መኪናው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ነው። እኔ ጉምሩክ ነበርኩ። ዝምታ ሹፌሩን ልታመጣ ዋናው መንገድ ወጥታለች። አጎቴ ከሳጥኑ ጀርባ ሲያልፍ አንዱ ጣውላ ከሚስማሩ ጀምሮ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ አገኘው። ወደ ምድጃ ቤቱ ደወለ፤ የማሞቂያው ዕቃ ተበላሽቶ ለሳምንት ተዘግቷል። መርከቡ ደግሞ አይጠብቅም። ስንጥቁ ምንም አልነበረም፣ እንዲሁ ቢሄድ ማንም ምንም አይለውም ነበር። ውሃ ልክ ግን የተሰነጠቀ ጣውላ ከደጁ አያወጣም፤ በተለይ የልጁን ሥራ የያዘ።

ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ካለው መደርደሪያ አንድ አሮጌ የጥድ ጣውላ አወረደ። ሃያ ስድስት ዓመት ያስቀመጠው ነው፤ ልጁ ከተወለደች ወዲህ ደግሞ ስትዳር ቁም ሳጥን ሊሠራላት ያሰበው። ልኩን ቆርጦ በተሰነጠቀው ምትክ መታው። ጣውላው አምስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ሰጋቱራን ከኮላ ጋር ለውሶ ደፈናቸው፤ ሲደርቅም ጣት ዳብሶ እስኪያጣቸው ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋቸው። እኔ ስደርስ ሳጥኑ ተዘግቶ መኪናው ላይ ሊወጣ ነበር። ዞሬ ማህተሙን በሁለቱም ጎን አየሁና ፈረምኩ። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ አላየሁም። ሥራዬ ነበር፣ አላየሁም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በአርባ አንደኛው ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከወዲያኛው ወደብ ኢሜይል መጣ። ገና ሳልከፍተው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደረሰልን ብዬ። ከፍቼ ሳነብ ክው አልኩ። በሳጥኑ ጀርባ ማህተም የሌለው አንድ ጣውላ ተገኝቷል ይላል። ፎቶ አለው። ተቆጣጣሪው በቢላ የፈለቀቃቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ከሥራቸው ትኩስ ዱቄት፤ በዱቄቱ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል አንዲት ነጭ ትል። ቀጥሎ የተጻፈውን ሦስቴ አነበብኩት፤ «ቀዳዳዎቹ ሆን ተብሎ የተሸሸጉ ናቸው» ይላል።

አለቃዬ አነበበውና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ይህ ዓረፍተ ነገር ባይኖር ጣውላው ተቀይሮ፣ ዕቃው በጋዝ ታክሞ ያልፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብዙ አይቷል። ሆን ተብሎ ከተባለ ግን ሳጥኑም ይዘቱም ይቃጠላል አለኝ፤ ቀርከሃው ከዚያ ጣውላ ጋር አርባ ቀን ተኝቷልና። ወደ እኛ ይመለስ እንዳንል የጠየቅናቸው ሦስቱም የመርከብ ድርጅቶች ትል የተገኘበት ዕቃ አንጭንም አሉ። ለመልስ የተሰጠን አሥር ቀን ነው፤ ሁለቱ በጥያቄ አለቁ።

ስልኬን ይዤ ወርክሾፕ ሄድኩ። ዝምታ አልነበረችም። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረው። ሳይነግረኝ ከፊቱ አወቅኩ።

«ይኼ የኔ ጣውላ ነው» አለ።

«ምን አደረግክ ጋሼ? እያንዳንዱ ጣውላ ምድጃ ይግባ አላልኩህም?»

«ደረቅ ነው እኮ። እሷ ሳትወለድ የደረቀ ነው። ሕጉ የሚፈራው እርጥቡን መስሎኝ።»

«ቀዳዳውንስ ለምን ደፈንከው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው እውነት አልገባውም። «ቀዳዳ ያለበት ጣውላ እንዴት ለሰው ይላካል?» አለኝ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መለስኩት። አንጀቴን በላው፤ መዳፉን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ቆሞ እጁን ያያል።

ደብዳቤ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ ጽፌ አላውቅም። ይህ ሰው አናጢ ነው፣ በእሱ ሙያ ቀዳዳ መድፈን መሸሸግ ሳይሆን ሰውን ማክበር ነው፣ የማንም ዓይን የማይደርስበትን የሳጥን ሆድ የሚልግ ሰው ነው ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ማመልከቻዎ ተመዝግቧል፣ በሃያ የሥራ ቀናት ውስጥ ይታያል፣ እስከዚያው ግን ውሳኔውን አያስቆምም። ደወልኩ። ብዙ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ሴት አነሣች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እንደገባት፣ በጣም እንዳዘነች፣ ጉዳዩ ግን የእሷ ክፍል እንዳልሆነ ነገረችኝ። ትንሽ እንኳ ክፉ ብትሆን ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱም ለመነ። አልሆነም። ሕጉን እንዳልረግመው ሕጉ ልክ ነው፤ በእነሱ አገር እንዲህ ባለ ሳጥን ተሻግራ የመጣች ጥንዚዛ ተራራ ሙሉ ደን አድርቃለች ብለው ጽፈውልኛል። የሚጠላ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ያኔ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣልኝ። ዝምታ እስካሁን የምታውቀው ዕቃው መያዙን ብቻ ነው። ለምን የምድጃ ቤቱ ጥፋት ነው አንላትም፣ ቸኩለው አድርቀው ትል ትተው ነው አንልም አልኩት አጎቴን፣ ወርክሾፑ ድረስ ሄጄ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከአራት ዓመት በኋላ የታረቁ አባትና ልጅ ናቸው፤ ቀርከሃው ቢቃጠል እንኳ እርቁ ይትረፍ ብዬ ነው።

አጎቴ ተነሥቶ በጓሮው በር ወጣ፤ ተከተልኩት። ዝምታ ከገበያ ተመልሳ ከጋኑ አጠገብ ቀርከሃ ትሰነጥቅ ነበር።

«የተሰነጠቀውን ጣውላ የቀየርኩት እኔ ነኝ» አላት፣ ቆሞ።

ቢላዋን አልጣለችም። «በምን ቀየርከው?»

«ለቁም ሳጥንሽ ባስቀመጥኩት። ትል ነበረበት። ቀዳዳውንም ደፈንኩት፤ ደብቀዋል አሉ። ሊያቃጥሉት ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ብትጮህ ምንኛ በተሻለ። ብትሰድበው፣ ቢላዋን ብትወረውር። እሷ ግን የያዘችውን ቀርከሃ እስከ መጨረሻው ሰነጠቀችና ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ትንሽ ቆይቼ እመጣ ነበር እኮ፤ ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች።

«እንዳላስጨንቅሽ ብዬ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ሰምቻለሁ ለማለት ይሁን ለሌላ አላወቅኩም። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች።

ማቃጠሉን መፍቀድ ያለበት ላኪው ነው። ላኪው ደግሞ በወረቀት አጎቴ ነው፤ እሷ ንግድ ፈቃድ ስለሌላት በእሱ ወርክሾፕ ስም ነበር የላክነው። ቢሮዬ መጥቶ ፈረመ። ካልፈረምኩ ምን ይመጣል ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳይፈርሙም ያቃጥሉታል አልኩት። «ታዲያ ፊርማዬ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ። ይህን እኔም አላውቅም። ከፈረመ በዘጠነኛው ቀን የማቃጠሉ ማረጋገጫ መጣ፤ አንድ ገጽ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ የእንጨት ሳጥን ከነይዘቱ። አትሜ ወሰድኩላት። አነበበችውና ለሁለት አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ የሚያደርገውን አጣ። የወርክሾፑን ግማሽ ባዶ አደረገው፤ የገዛ አግዳሚውን ወደ ጥግ ገፍቶ ብርሃን ያለበትን ቦታ ለእሷ ለቀቀ። ቀርከሃውን በትከሻው ከጓሮ ወደ ውስጥ አጋዘ። እሷም አመሰግናለሁ ብላ ገባች፣ እዚያው ትሠራለች። ጠዋት ሻይ ታመጣለታለች፣ ሲያስል ጀርባውን ትመታለታለች። ከድሮው የበለጠ ታከብረዋለች እንጂ አላነሰም። ማክበሯን ሳይ ግን ደስ አይለኝም።

ከቃጠሎው በስምንተኛው ወር ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና ጻፈ። አዳራሹ በሌላ ነገር ተሞልቶ ተከፍቷል፤ መግቢያው ላይ ግን ለሁለት መከለያ የሚሆን ቦታ ትተዋል፤ ፈቃደኛ ከሆነች። ዝምታ እሺ በላቸው አለችኝ። በሁለት ወር ጨረሰቻቸው። ያለቁ ቀን የመርከቡን ጉዳይ ልንነጋገር ሄድኩ። አጎቴ ሜትሩን ይዞ ከመከለያዎቹ አጠገብ ቆሟል፤ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቷል። ስለ ሕጉ ሁሉንም እንዳነበበ፣ ከምድጃው ሰውዬ ጋርም እንደተነጋገረ፣ እያንዳንዱን ጣውላ ማህተሙን እያየ እንደሚገዛ፣ ቢሰነጠቅም እንደማይነካው ለእኔ ይነግረኛል። እያየ የነበረው ግን እሷን ነው።

ዝምታ የእጇን አቧራ ጠረገች።

«ሳጥን አዝዣለሁ አባዬ» አለችው፣ በለሆሳስ። «ፋብሪካ ውስጥ ከተጣበቀ ስስ እንጨት የሚሠራ አለ፤ ሕጉ አይመለከተውም። ነገ ያመጡታል።»

«ጥሩ ነው» አለ አጎቴ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። መልሶ አወጣው። «እና እኔ ምን ላድርግ?»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዝምታ አጠገቧ ያለውን በርጩማ ሳበችና በእጇ ጠረገችለት።

«አንተ ተቀመጥ አባዬ» አለችው። «ደክሞሃል።»

አጎቴ በርጩማውን አየና ተቀመጠ።